ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት፦ የአየር ንብረት ለውጥን በመልክዓ ምድር ላይ ስለማጥናት

የአየር ንብረት ለውጥ በአገራችን ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው በአገር ደረጃ የተሰላ አማካይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ አማካይ ዓመታዊ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ማለትም በየአሥር ዓመቱ በ0.28 ዲግሪ ያህል እንደጨመረ በተደጋጋሚ ተጽፏል። አኃዙ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም በአማካይ ላይ የሚያርስ ገበሬ የለም። ገበሬው የሚያርሰው አንድ ተዳፋት፣ አንድ ወንዝ ዳር የተኛ መረሬ፣ አንድ ነፋስ የሚመታው ጉብታ ነው፤ ለውጡ የሚደርሰውም በዚያ በሚያርሰው መሬት በኩል ነው። ለዚህ ነው የአየር ንብረት ለውጥ ያስከተለውን ጉዳትና ሰው ከለውጡ ጋር የሚላመድበትን መንገድ ማጥናት የምንሻ ሁሉ ከሠንጠረዥ ተነሥተን ወደ መልክዓ ምድሩ መውረድ አለብን ብዬ የማምነው።

እኔ ይህን ጉዳይ የምመለከተው ከሰሜን ሸዋ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ በጣርማበር በኩል ከደጋው ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያም በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ከጣርማበር በላይ ያሉት ከፍታዎች እስከ 3,500 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። መኪና በአንድ ጠዋት በሚጨርሰው በዚህ መንገድ ላይ ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ተደራርበው ይታያሉ፤ ላይ ገብስና ባቄላ፣ መሐል ስንዴና ጤፍ፣ ታች ማሽላና ማሾ። የአየር ጠባይ ለውጥ ሰብልን፣ ውኃንና ሰውን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ ብዙ አይገኝም።

አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው ሲከፍሉ የሙቀትና የከፍታን ዝምድና በሚገባ አውቀው ነበር። በእኛ ተራሮች ላይ በእያንዳንዱ 100 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ከላይ የጠቀስኩት የ1.3 ዲግሪ ጭማሪ የአየር ጠባይ ቀበቶዎቹን ከ200 ሜትር በላይ ሽቅብ እንደመግፋት ይቆጠራል። ለተራራ ግርጌ ነዋሪ 200 ሜትር ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ለተራራ ጫፍ ግን ሁኔታው ሌላ ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር መሬቱ እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ከታች የተገፋው ሁሉ የሚያርፍበት ስፍራ እያነሰ ይሄዳል፤ ከጫፉ በላይ ደግሞ መሄጃ የለም። በውርጭ አገር ብቻ የሚበቅለው ጅባራ የዚህ ምሳሌ ነው። ደሳለኝ ጫላና ባልደረቦቹ ባደረጉት ጥናት፣ ሙቀቱ አሁን በያዘው አካሄድ ከቀጠለ በዚህ መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ጅባራ ዛሬ ከሚመቸው ስፍራ እጅግ አብዛኛውን ሊያጣ እንደሚችል፣ በየተራራው ተነጥሎ የያዘው የዘር ብዝኃነትም አብሮ እንደሚመናመን አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ቀላል ስሌት መሬት ላይ ሲወርድ ይበጣጠሳል። ሰብል የሚያቃጥለው የሌሊት ውርጭ ለምሳሌ ከፍታን ብቻ አይከተልም። ጥርት ባለ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከብዶ ወደ ሸለቆው ወለል ስለሚወርድ፣ በሜዳው ላይ የተዘራው ባቄላ ሲቃጠል ከእርሱ በላይ በተዳፋቱ ላይ የተዘራው ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ በአካባቢው ያለችው አንዲት የሙቀት መለኪያ በከተማው ሜዳ ላይ የቆመች ከሆነች፣ የምትነግረን የሜዳውን ታሪክ ብቻ ነው። የአገራችን የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች በብዛት የሚገኙት ደግሞ በከተሞችና በዋና መንገዶች ዳር ነው፤ ገደሉና ተረተሩ በአመዛኙ መለኪያ የለውም። ክፍተቱን ለመሙላት የጣቢያዎችን መዝገብ ከሳተላይት ግምት ጋር አዋሕዶ በአራት ኪሎ ሜትር ስፋት የተዘጋጀ መረጃ አለ፤ ትልቅ እርዳታ ነው። ነገር ግን በጣርማበር አካባቢ አራት ኪሎ ሜትር ማለት ከደጋ ተነሥቶ ወይና ደጋ መግባት ማለት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚከብደው ሥራ ግን የሰማይን ሥራ ከሰው እጅ ሥራ መለየት ነው። አንድ ተራራ ራቁቱን ቀርቶ ብናይ፣ አንድ ምንጭ ደርቆ ብናገኝ፣ ወዲያውኑ የአየር ንብረት ለውጥ ነው ማለት ቀላል ሆኗል። እዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ፤ ይህን ልማድ ካልተውን ለችግሩ የተሳሳተ መድኃኒት ማዘዛችን አይቀርም። የሐሮማያ ሐይቅ የደረቀው በመስኖና በከተማ ውኃ ፍጆታ እንዲሁም በተፋሰሱ አያያዝ ጭምር ነው፤ በአንጻሩ በመተሐራ ያለው በሰቃ ሐይቅ ለአሥርት ዓመታት እየሰፋ ሄዷል። ሁለቱም ያሉት በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ በሚሞቅ ሰማይ ሥር ነው። ሰማዩን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱንም ማስረዳት አይችልም።

ለዚህ ዓይነቱ ልየታ ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረኝ ዘዴ የድሮ ፎቶግራፍ የተነሣበትን ቦታ ፈልጎ፣ ከዚያው ነጥብ ላይ ቆሞ፣ ያንኑ መልክዓ ምድር ዳግመኛ ማንሣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት፤ በመንገዳቸው ያነሧቸው የሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች ምስሎች ዛሬም አሉ። በቤልጅየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ እነዚህን ቦታዎች ከ140 ዓመት በኋላ ዳግመኛ ሲያነሧቸው ያገኙት ውጤት የብዙዎችን ግምት የሚያፈርስ ነበር። ምድሩ በ1868ም ዛፉ የተመናመነ እንደነበረ፣ በብዙ ስፍራም ከዚያን ጊዜ ይልቅ ዛሬ ዕፀዋቱ በዝቶ፣ የአፈር ጥበቃውም ተሻሽሎ እንደሚታይ ምስሎቹ መሰከሩ። ሕዝቡ በብዙ እጥፍ ጨምሮ፣ ሙቀቱም ከፍ ብሎ ሳለ ምድሩ ሊያገግም የቻለው እርከን ስለተሠራና ተራሮች ከከብት ስለተከለሉ ነው። ይህ የአየር ንብረት ለውጥን አያስተባብልም፤ ሰው በመሬቱ ላይ የሚሠራው ሥራ የለውጡን ጉዳት ሊያብሰውም ሊያለዝበውም እንደሚችል ግን በዓይን ያሳያል። ከፎቶግራፎቹ ሌላ በጣልያን ወረራ ዘመን ከአውሮፕላን የተነሡ ምስሎች፣ ከዚያ በኋላም የ1950ዎቹ የአየር ፎቶዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ደግሞ የላንድሳት የሳተላይት ምስሎች አሉ። አንድ ተማሪ እነዚህን ደርድሮ የአንድን ቀበሌ የ80 ዓመት ታሪክ ማየት ይችላል፤ ይህ ዕድል ከእኛ በፊት ለነበሩት አልተሰጠም።

በሰሜን ሸዋ የምናወዳድርበት ሌላም ነገር አለን፤ ከደብረ ሲና አጠገብ በገደሉ ላይ የተንጠለጠለው የወፍ ዋሻ ደን ነው። ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ፣ ከላይ ደግሞ አስታ በየከፍታቸው ተሰልፈው የሚታዩበት ጥንታዊ ደን በመሆኑ፣ የተቀረው ተዳፋት ሳይታረስ ቢቀር ምን ሊመስል ይችል እንደነበር ያመለክተናል። በደቡብ ጎንደር የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ ያጠኗቸው የቤተ ክርስቲያን ደኖችም ለተመራማሪ ያላቸው ዋጋ ይኸው ነው፤ በተራቆተ አገር መካከል የቀሩ ማመሳከሪያዎች ናቸው።

ከጣርማበር ብዙም ሳይርቅ አንዲት ጥድ በተባለ ስፍራ የሚገኘው የምርምር ጣቢያ ግን ለእኔ ከሁሉ የላቀ ስፍራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1981 የኢትዮጵያ ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በሐንስ ሁርኒ መሪነት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክትን ሲጀምሩ በተለያዩ የአየር ጠባዮች ጣቢያዎችን አቋቋሙ፤ በወሎ ማይባር፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ ከእነዚህ መካከል ናቸው። በእነዚህ ትናንሽ ተፋሰሶች ዝናብ፣ የወንዝ ፍሰትና ከወንዙ ጋር የሚሄደው ደለል ለዓመታት ተለክቷል። ልኬቱን ያከናወኑት በአብዛኛው የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ጎርፍ በመጣ ቁጥር፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወንዙ ዳር ቆመው የደፈረሰውን ውኃ በጠርሙስ ይቀዱ ነበር። በመዝገቡ ውስጥ ክፍተት ያለባቸው ዓመታት አሉ፤ ቢሆንም በአፍሪካ ተራሮች ላይ ይህን ያህል ዘመን የቆየ መዝገብ ብርቅ ነው። ዛሬ መረጃው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የውኃና መሬት ሀብት ማዕከል በኩል ይገኛል፤ የእኛ ተማሪዎች ከሌላ አገር የተቀዳ ቀመር ከመውሰዳቸው በፊት ይህን መዝገብ ሊያገላብጡ ይገባል።

መዝገቡ ካስተማረን ነገሮች አንዱ ጎርፍ የሚመነጭበት ስፍራ ነው። ብዙዎቻችን ጎርፍ የሚፈጠረው ዝናቡ አፈሩ ሊመጠው ከሚችለው በላይ ሲፈጥን ነው ብለን ተምረናል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንዲት ጥድን፣ የአንጀኒንና የማይባርን ልኬቶች ሲመረምሩ ግን ሌላ ሥርዓት አዩ። ክረምቱ ሲጀምር አብዛኛው ዝናብ ወደ አፈር ይሰርጋል፤ ወደ 500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ከተጠራቀመ በኋላ ግን ከሚዘንበው ግማሽ ያህሉ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ጎርፉ በብዛት የሚነሣውም ከሁለት ስፍራዎች ነው፤ ከታች ውኃ ከጠገበው ረግረግና አፈሩ ታጥቦ ዐለቱ ከቀረበው የተራቆተ ተዳፋት።

ይህ ከምርምር ክፍል ወጥቶ የገበሬውን ማሳ በቀጥታ የሚነካ ግኝት ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝቡ ለተፋሰስ ልማት ዘመቻ ይወጣል፤ በነጻ ጉልበት የሚሠራው እርከን ርዝመት በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ ሪፖርት ይደረጋል። እርከኑ የተራቆተውን ተዳፋት እንዲያገግም የሚረዳ ከሆነ መልካም ነው። ከላይ እንዲሰርግ የተደረገው ውኃ ግን በአፈር ውስጥ ወርዶ የታችኛውን ሜዳ ይበልጥ ሊያጠግበው፣ ቦረቦሩም ሜዳውን እየቆረሰ ሊሰፋ ይችላል። በሸለቆው ወለል ቦረቦሩ ሳይታከም ላይ ላዩን ብቻ እርከን መደርደር የተፋሰሱን ግማሽ መተው ነው። የሕዝብ ጉልበት ክቡር ነውና፣ የት እንደሚውል በልኬት ሊወሰን ይገባዋል።

ስለ ዝናብ ስናጠና ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል። በሙቀት ላይ ጣቢያዎችም የወደፊቱን የሚተነብዩ ሞዴሎችም በአንድ ድምፅ ይናገራሉ፤ በዝናብ ላይ ግን ሞዴሎቹ እርስ በርስ አይስማሙም። የክረምቱ ዝናብ ከዓመት ዓመት በኃይል ይዋዥቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በኤል ኒኞ ምክንያት ክረምቱ ሲከሽፍ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ለዕለት እርዳታ ተጋልጧል። ለሰሜን ሸዋና ለወሎ ደጋ የከፋው ጭንቀት ግን በልግ ነው። በመንዝና በጣርማበር ከፍታዎች ክረምቱ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ፣ በረዶና የውኃ መተኛትም ሰብሉን ስለሚጎዳ፣ ብዙው ገበሬ የኖረው በየካቲትና በመጋቢት ተዘርቶ በክረምቱ መግቢያ በሚታጨድ የበልግ ገብስ ነው። በልግ ሲዘገይ ወይም መሐል ላይ ሲቋረጥ የሚጠፋው የዓመቱ ቀለብ ነው።

ለዚህ ሽማግሌዎችን መጠየቅ የግድ ነው፤ አጠያየቁ ግን ሊታሰብበት ይገባል። «የአየሩ ጠባይ ተለውጧል ወይ?» ለሚል ጥያቄ ሁሉም «እንዴታ፣ ተለውጧል» ይላል፤ ምክንያቱም ጥያቄው መልሱን ይዞ ሄዷል፤ ሬዲዮውም የግብርና ባለሙያውም ቀድመው ነግረውታል። ገበሬው የሚያስታውሰው በዓልን ይዞ ነው። ቀኑ ከማይለዋወጥ በዓል ጋር ካያያዝንለት ትዝታው እንደ መዝገብ የጠራ ይሆናል። በአንድ የመንዝ መንደር አንድ አባት፣ «አባባ፣ የበልጉን ገብስ መቼ ነበር ዘርተው የሚጨርሱት?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ዱሮ ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት በሬ ፈተን ነበር ለንግሥ የምንሄደው፤ ዛሬ መጋቢት በዓለ ወልድም ሰማዩን እያየን ነው» አሉኝ። የካቲት 16 እና መጋቢት 29። ከዚህ ንግግር ውስጥ የስድስት ሳምንት ያህል መዘግየት በቀን ተቆጥሮ ይወጣል፤ ከዝናብ መዝገብ ጋርም ሊመሳከር ይችላል። ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት የትኛው ማሳ እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ገብስ እንደነበር፣ በሬ ነበረዎት ወይስ ተቀናጅተው ነው የሚለው ነው፤ መዘግየቱ የዝናብ ሳይሆን የበሬ እጦት ሊሆን ይችላልና።

ወደ ታች ስንወርድ መላመዱ ከሰብል ምርጫ ይጀምራል። በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው ቆላ ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ማሽላ የሚዘራው በበልግ ርጥበት ነው። በልግ ከቀረ ገበሬው ወይ ጤፍ ይዘራል፣ ወይም በሁለት ወር ተኩል ገደማ የሚደርሰውን ማሾ ይዘራል። ማሾ በሰሜን ሸዋ ቆላ እንዲህ የተስፋፋው አጭር ዝናብ ስለሚበቃውና ለውጭ ገበያ ስለሚፈለግ ነው፤ ሁለቱ ምክንያቶች ተጣምረው ካልሆነ አንዱ ብቻውን አያስረዳውም። ከማሽላ ወደ ማሾ መሸጋገር ግን ዋጋ አለው። የማሽላ አገዳ የከብት መኖ፣ ማገዶና የቤት መሥሪያ ነው፤ ማሾ ይህን አይተካም። ሰብሉ ተላመደ ስንል ከብቱ ምን በላ ብለን መጠየቅ አለብን።

በደጋው ደግሞ ባሕር ዛፍ ማሳውን እየተካ ነው። ዝናብ ሲቀር የማይከስር፣ ሲቸግር ተቆርጦ የሚሸጥ የቁጠባ ሂሳብ ነውና ገበሬውን አልወቅስም። ከምንጭ ራስ ላይ ሲተከል ግን የአንዱ ቤተሰብ ዋስትና የታችኛውን መንደር የመጠጥ ውኃ ሊነካ ይችላል።

መላመድ በመልክዓ ምድር ደረጃ ምን ሊመስል እንደሚችል የሚያሳየኝ የመንዝ ጓሳ ነው። ጓሳ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኝ የሣር ምድር ሲሆን፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ወደ ዓባይም ወደ አዋሽም የሚወርዱ ጅረቶች የሚነሡበት ነው። አገሩን ያቀኑት የሁለቱ አባቶች የአስቦና የጌራ ተወላጆች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት እያፈራረቁ ይዘጉትና ይከፍቱት ነበር። መሬቱ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሣሩ ሲደርስ በበጋ በጉባኤ ይከፈታል፤ ሰዉ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለጌሳ የሚሆነውን ካጨደ በኋላ ከብት ይገባበታል፤ ዝናብ ሲመጣ እንደገና ይዘጋል። ድርቅ በሆነበት ዓመት ቀደም ብሎ የመክፈት ውሳኔ የሸንጎው ነበር፤ ስለዚህም ጓሳ ለሕዝቡ የክፉ ቀን ጎተራ ሆኖ አገልግሏል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የቀሮ ሥርዓት ሕጋዊ መሠረቱን አጣ፤ ይሁን እንጂ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ፣ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ አስቀጠለው፤ በኋላም ክልሉ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ሥፍራ አድርጎ ዕውቅና ሰጠው።

ጓሳን በጥንቃቄ የሚያጠና ሰው ሁለት ነገሮችን አብሮ ይለካል። አንደኛው ሣሩ፣ አፈሩና ውኃው ነው፤ ጥቅጥቅ ያለው የጓሳ ሣር ሥር ጉምንና ዝናብን ይዞ በበጋ ወንዙን ቀስ እያለ ይመግበዋል። ሁለተኛው የሰዎቹ ስምምነት ነው፤ ማን ይገባል፣ ማን ይወስናል፣ ወጣቱ ይሰማል ወይ? ከዙሪያው ያሉት ቀበሌዎች ሕዝብ ጨምሯል፤ ሙቀቱ ከፍ ባለ ቁጥር ገብስ ሽቅብ ሊወጣ ይችላልና የእርሻ ድንበሩ ወደ ጓሳ መጠጋቱ አይቀርም። ቀደም ሲል ብርዱ ራሱ ያስከብረው የነበረውን ድንበር ከእንግዲህ ማስከበር የሚችለው ስምምነቱ ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ ሊሠራ የሚችል፣ ለአንድ የማስተርስ ተማሪም የማይከብድ ጥናት አለ። ከጓሳ ጫፍ እስከ ሸዋ ሮቢት በየ200 ሜትሩ ከፍታ በተዳፋቱም በሸለቆው ወለልም ርካሽ የሙቀትና የርጥበት መመዝገቢያዎችን ማኖር፤ የእያንዳንዱን ከፍታ የመዝሪያ ቀን በበዓላት ስም ከሦስት ትውልድ መሰብሰብ፤ የአንዲት ጥድን መዝገብ አጠገቡ አድርጎ ማንበብ፤ የእርሻውን የላይኛ ድንበር ደግሞ ከድሮዎቹ የአየር ፎቶዎች ጀምሮ በካርታ ላይ መከታተል። ይህ ሲደረግ ገብሱ ሽቅብ የወጣው ስለሞቀ ነው ወይስ መሬት ስለጠበበ የሚለውን ጥያቄ በግምት ሳይሆን በማስረጃ መመለስ እንችላለን፤ ጓሳን የሚጠብቁት ቀበሌዎችም በሚቀጥለው ስብሰባቸው ላይ ይዘውት ሊወያዩበት የሚችሉት ካርታ ይኖራቸዋል።